የጁስ ቤት ልጣጭን የዓሣ መኖ ማድረግ፦ ከባልዲው እስከ ገንዳው

ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ ብዙ ሰው ይከሽፍበታል። ታሪኩ ሁሌ አንድ ነው። አንዱ ሰበታ ወይም ቡራዩ ግቢው ውስጥ ገንዳ ሠርቶ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ይጨምራል። መኖ ይወደድበታል። ከዚያ ከሠፈሩ ጁስ ቤት በነጻ የሚጣለውን ልጣጭ በማዳበሪያ ተሸክሞ ይመጣና ገንዳው ውስጥ ይደፋዋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ውኃው ይጠቁራል፤ ጠዋት ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ይታያሉ፤ ከዚያ ይገለበጣሉ። "የፍራፍሬ ተረፈ ምርት ለዓሣ አይሆንም" ተብሎ ይዘጋል።

ይሆናል። የማይሆነው ጥሬውን መድፋት ነው። ልጣጭ ብቻውን መኖ አይደለም፤ ከመኖው ግብአቶች አንዱ ነው። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ፕሮቲን ካላቸው ነገሮች ጋር ተዋህዶ ነው የሚገባው። ቅደም ተከተሉ ከታች አለ። አትዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 4ን።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር

አንደኛው ፕሮቲን ነው። በማደግ ላይ ያለ ቆሮሶ ከ28 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። ጫጩት ከሆነ እስከ 40 በመቶ ይሄዳል። አምባዛ ደግሞ ወደ ሥጋ በልነቱ ስለሚያደላ ከ35 በታች ሲሆን እድገቱ ይጎተታል። የደረቀ የማንጎ ወይም የሙዝ ልጣጭ ስንት አለው? ከ4 እስከ 8 በመቶ ገደማ። የቀረው በአብዛኛው ስኳር፣ ስታርችና አሰር ነው። ስለዚህ ልጣጩ የሚተካው ፍሩሽካውንና በቆሎውን ነው፤ አኩሪ አተሩንና የዓሣ ዱቄቱን አይተካም። የመኖ ወጪያችሁ በግማሽ ይወርዳል ያላችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

መጠኑን አሁኑኑ ያዙት። ለቆሮሶ ከጠቅላላው ደረቅ መኖ 12 በመቶ ላይ ጀምሩ፤ 15 ላይ አቁሙ። ለአምባዛ 5 በመቶ ይበቃል። ከ20 ግራም በታች ለሆነ ጫጩት ምንም አታስገቡ፤ ሆዱ ትንሽ ነው፣ በማይጠቅም ነገር አትሙሉበት።

ሁለተኛው ውኃው ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። ሱሉልታ ከዚያ ይበልጣል፣ ዱከም ያንሳል። በዚህ ከፍታ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ወለል ደረጃ ከሚይዘው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ብርዱም አለ። ቆሮሶ ደህና አድርጎ የሚበላው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ20 ሲወርድ የመብላት ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ 16 አካባቢ ሲደርስ መብላቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። ለሞቃት አገር የተሠራ የመኖ ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ አግኝታችሁ በዚያው ልክ ከሰጣችሁ፣ ግማሹ ገንዳው ሥር ገብቶ ይበሰብስና ያችኑ ያለችውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች፣ ቢላና መክተፊያ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ ቆጥ፣ የመስኮት ወንፊት፣ ሚዛን፣ የውኃ ቴርሞሜትር፣ በእጅ የሚዞር የሥጋ መፍጫ፣ ትልቅ ድስት። የኤሌክትሪክ መፍጫ ካለ ጥሩ፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም።

ልጣጩን ለመሸፈን ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የወባ አጎበር እንዳትጠቀሙ። አጎበሩ የተነከረበት መድኃኒት ለሰው ችግር ባይሆንም ዓሣን በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል። የድሮ ነው፣ ብዙ ጊዜ ታጥቧል ብላችሁም አትሞክሩት። ዝንብ በዛ ብላችሁ ማድረቂያው አካባቢ ፍሊት መንፋትም ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ከጁስ ቤቱ ጋር መስማማት

ባለቤቱን ብቻ አናግራችሁ አትመለሱ። ሥራው ያለው የሚልጡትና የሚፈጩት ልጆች እጅ ላይ ነው። ሁለት ባልዲ ስጧቸውና "እህቴ፣ ማንጎ፣ ሙዝና ፓፓያ በዚህ፤ አቮካዶ፣ ሎሚና ብርቱካን በዚያ" ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ባልዲዎቹን በቀለም ለዩ። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ጽሑፍ የሚያነብ የለም።

በየቀኑ ሰብስቡ። በቀኑ መጨረሻ ብትሄዱ ይሻላል። ያደረ ልጣጭ፣ በተለይ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ያደረ፣ ሲከፈት ይሞቃል፣ ይሸታል። እሱን አትውሰዱ፤ ኮምፖስት ይሁን።

ብርጭቆ ውስጥ የተረፈ ስፕሪስ አይወሰድም። አቮካዶ አለበት፣ ስኳር ተጨምሮበታል፣ የሰው አፍም ነክቶታል።

ብዛት ካላችሁ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ የወደቀ ፍሬ ሞልቷል። ግን እዚያ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ከጭቃና ከፕላስቲክ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ መልቀሙ ጊዜ ይበላል። ለአንድ ሁለት ገንዳ ሁለት ጁስ ቤት ይበቃችኋል።

ደረጃ 2፦ ምን ይገባል፣ ምን አይገባም

*የሚገባ፦* የማንጎ ልጣጭና ወንፊት ላይ የሚቀረው አሰሩ፣ የሙዝ ልጣጭ (ሁለቱ ጫፎች ተቆርጠው)፣ የፓፓያ ልጣጭ፣ የዘይቱና አሰር። የአናናስ ልጣጭም ይሆናል፤ ጠንካራ ስለሆነ ግን ደቅቆ ካልተፈጨ ዋጋ የለውም። ሐብሐብ? ውኃ ነው። ለማድረቅ የምትደክሙበትን ያህል አታገኙበትም።

*በጣም በትንሹ፦* ብርቱካንና ሎሚ። ልጣጫቸው ውስጥ ያለው ዘይት መራራ ነው፣ ዓሣው ይተፋዋል። ከጠቅላላ መኖው ከ3 በመቶ አይለፍ። ለጀማሪ ቢቀር ይሻላል።

*የማይገባ፦* አቮካዶ። ይህ ብዙ ሰው የሚከራከርበት ነው፤ ምክንያቱም ከጁስ ቤት በብዛት የሚወጣው እሱ ነው። ልጣጩ፣ ዘሩና ቅጠሉ ፐርሲን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ከብት፣ ፍየል፣ ወፍና ዓሣ ላይ ጉዳት ያደርሳል። ሥጋው ያን ያህል ችግር ባይኖረውም ከልጣጭ ጋር ተደባልቆ ሲመጣ ማን ይለየዋል? በቃ፣ አቮካዶ የነካው ባልዲ አይገባም።

የፓፓያ ጥቁር ፍሬም አውጡት። የቆሮሶን መራባት ስለሚቀንስ ሆን ብለው ለዚያ ዓላማ የሚጠቀሙበት አሉ። እናንተ ግን ለእርባታ የያዛችሁት አባወራና እናት ዓሣ ካለ ችግር ውስጥ ትገባላችሁ። የማንጎ ዘርም ታኒን የሚባል መራራ ነገር ስላለው ሳይቀቀልና ውኃው ሳይደፋ አይሆንም፤ ለድካሙ የሚመጥን ነገር የለውም፤ ተዉት።

ከዚህ ሌላ ሻጋታ ያለው ነገር በሙሉ ይጣላል። ሻጋታውን ቆርጦ ቀሪውን መውሰድ የለም።

ደረጃ 3፦ ማጠብና መክተፍ

በንጹሕ ውኃ ሁለቴ እጠቡ፤ ፍራፍሬው ማሳ ላይና መጋዘን ውስጥ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። ሳሙና፣ በረኪና፣ ምንም አትጨምሩ። ከዚያ በጣት ስፋት ልክ ክተፉ። ወፍራም ቁራጭ ውጩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ሻጋታ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ደረጃ 4፦ ማድረቅ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ትኩስ የሙዝ ልጣጭ ከ85 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ አድርቃችሁ አንድ ኪሎ ወይም ትንሽ ዘለል ያለ ብታገኙ አትደንግጡ፤ የሰረቃችሁ የለም። ማንጎ ከዚያ ይሻላል፤ ከ10 ኪሎ ሁለት ኪሎ አካባቢ ይወጣል።

ሀ. ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቆጥ ሥሩ፤ ላዩ የሽቦ ወይም የመስኮት ወንፊት ይሁን። አየር ከታችም ማለፍ አለበት። ሸራ መሬት ላይ አንጥፎ ማስጣት ይቻላል፤ ግን ዶሮ፣ አቧራና የመሬት እርጥበት አብረው ይመጣሉ።

ለ. ከሁለት ሳንቲ ሜትር ባልወፈረ ሁኔታ ዘርጉት። ተደራርቦ ከተከመረ ፈልቶ ይኮመጥጣል።

ሐ. በመጀመሪያው ቀን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ። ይህን የማትችሉ ከሆነ ሥራ በማትገቡበት ቀን ጀምሩት፤ የመጀመሪያው ቀን ካለፈ ቀሪው ቀላል ነው።

መ. ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ቤት አስገቡ። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ጤዛ ይወርዳል፤ ቀን ያደረቃችሁትን ሌሊት ያረጥበዋል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጤዛው ሲነሳ መልሱት።

ሠ. ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደህና ፀሐይ ከ2 እስከ 4 ቀን ይበቃዋል። የሙዝ ልጣጭ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ያ ብልሽት አይደለም። ሽታውን እመኑ፦ ጣፋጭ ወይም ምንም ሽታ የሌለው ጥሩ ነው፤ የታፈነ ምድር ቤት የሚሸት መጥፎ ነው።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? ስትሰብሩት መታጠፍ የለበትም፤ ቀጭ ማለት አለበት። ጥርጣሬ ካለ የጨው ፈተና ሥሩ። ደረቅ ክዳን ያለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ደረቅ የገበታ ጨውና አንድ እፍኝ የደቀቀ ልጣጭ ጨምሩ። ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁና ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ገብቷል፤ እናንተ ግን ለማከማቸት ከ12 በታች ስለምትፈልጉ አንድ ቀን ጨምሩበት።

*የማንጎ አሰር ችግር።* ወንፊት ላይ የሚቀረው አሰር ስኳር ስለሚበዛበት ብቻውን ሲደርቅ ይለጠጣል፣ አይሰበርም፤ መፍጫ ላይም ይጣበቃል። መላው ይህ ነው፦ በጨርቅ ጭመቁት፣ ለ4 ኪሎ እርጥብ አሰር 1 ኪሎ ፍሩሽካ ጨምራችሁ በእጅ እሹት፣ ከዚያ አስጡት። ፍሩሽካው እርጥበቱን ይመጥጣል። የሚወጣው ድብልቅ ግን ከግማሽ በላይ ፍሩሽካ መሆኑን አትርሱ፤ ደረጃ 6 ላይ ስሌቱ ይቀየራል።

*ድንገት ዝናብ ቢመጣ።* የበልግ ዝናብ የካቲት መጨረሻ ላይ ሳይታሰብ ይመጣል። በከፊል የደረቀ ነገር ከረጠበ ነገ ይደርቃል ብላችሁ አትከምሩት። ያንኑ ምሽት ምጣድ ላይ በለሰለሰ እሳት እያገላበጣችሁ ጨርሱት። ብዛት ካለው በጣም የረጠበውን ጣሉት። አንድ ባልዲ ልጣጭ ማጣት አንድ ገንዳ ዓሣ ከማጣት ይሻላል።

ደረጃ 5፦ መፍጨት

ሰፈር ያለው የእህል ወፍጮ ላይቀበላችሁ ይችላል፤ ባለ ወፍጮው ልክ ነው፣ ከእናንተ ቀጥሎ ጤፍ የሚያስፈጭ ሰው አለ። የከብት መኖ የሚፈጭ ወፍጮ ፈልጉ። በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ ላይ ግን አታስፈጩ። አኩሪ አተሩን፣ የኑግ ፋጉሎውን (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን) እና ልጣጩን በአንድ ቀን ብታስፈጩ ጉዞ ይቀንሳል። በዱቄት ወንፊት የማያልፈውን መልሱ።

ደረጃ 6፦ ማዋሃድ

ለ10 ኪሎ ደረቅ የቆሮሶ መኖ ይህን ያዙ፦

- የደረቀ የፍራፍሬ ልጣጭ ዱቄት፦ 1.2 ኪሎ
- የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር፦ 3.2 ኪሎ
- የኑግ ፋጉሎ፦ 2 ኪሎ
- የዓሣ ዱቄት፦ 1.3 ኪሎ
- ፍሩሽኬሎ (ከፍሩሽካ የደቀቀው የስንዴ ተረፈ ምርት)፦ 1.6 ኪሎ
- የስንዴ ዱቄት (ለማያያዣ)፦ ግማሽ ኪሎ
- የቪታሚንና ማዕድን ድብልቅ (ፕሪሚክስ)፦ 150 ግራም
- ጨው፦ 50 ግራም

ፕሮቲኑ 29 በመቶ አካባቢ ይመጣል። ስሌቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፦ የእያንዳንዱን ክብደት በፕሮቲን መጠኑ አባዙና ደምሩ። አኩሪ አተር 38፣ የኑግ ፋጉሎ 30፣ ደህና የዓሣ ዱቄት 55፣ ፍሩሽኬሎ 16፣ ስንዴ ዱቄት 11፣ ልጣጩ 6 ብላችሁ አስሉ። ደረጃ 4 ላይ ያለውን የማንጎ አሰርና የፍሩሽካ ድብልቅ የምትጠቀሙ ከሆነ በልጣጩ ዱቄት ፈንታ ከሱ 2.4 ኪሎ አስገቡና ፍሩሽኬሎውን ወደ 400 ግራም አውርዱ።

የምትሳሳቱባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ።

*አኩሪ አተር።* ጥሬውን አታስገቡ። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለው፤ ዓሣው ይበላል፣ አያድግም። ቀላ ብሎ እስኪሸት ቁሉት። እንዳያርር።

*የኑግ ፋጉሎ።* በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች መኖ ላይ የአፍላቶክሲን ችግር ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። አፍላቶክሲን ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ሲሆን መቀቀል አያጠፋውም። ስትገዙ ስበሩት፤ ውስጡ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ያለበት፣ የሻገተ የሚሸት ከሆነ ርካሽም ቢሆን ተዉት። ፋጉሎ ሲባል ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ፤ የጉሎ ፋጉሎ መርዝ ነው።

*የዓሣ ዱቄት።* አሸዋ ይቀላቀልበታል። አንድ ማንኪያ ግልጽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉና አስቀምጡት፤ አሸዋው ቶሎ ወርዶ ሥር ይቀመጣል። ከባቱ (ዝዋይ) ወይም ከዓሣ ቤት የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት የምታገኙ ከሆነ ራሳችሁ ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ መፍጨት ትችላላችሁ። ጥሬ የሆድ ዕቃ ገንዳ ውስጥ መጣል ግን በሽታ ማስገባት ነው። አጥንት የበዛበት የቤት ዱቄት ፕሮቲኑ ዝቅ ስለሚል 1.3ቱን ወደ 1.6 ኪሎ ከፍ አድርጉና ከፍሩሽኬሎው ቀንሱ።

ደረጃ 7፦ ማቡካትና መቅረጽ

1. ግማሽ ኪሎውን የስንዴ ዱቄት በ2 ሊትር ውኃ በጥብጡና እሳት ላይ አብስሉት። እንደሚጠጣ ሙቅ ሲወፍር አውርዱት።
2. ከፕሪሚክሱ በቀር ደረቁን ሁሉ አንድ ላይ አዋህዱ። ጨውን እዚህ ጨምሩ።
3. ሙቁን አፍሱበትና እሹ። ሊጡ የዳቦ ቆሎ ሊጥ ያህል ጠንከር ማለት አለበት፤ በእጅ ሲጨበጥ ይያዛል፣ ውኃ አያወጣም። ካልተያያዘ ለብ ያለ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። በአንዴ ካፈሰሳችሁ ወደኋላ መመለስ የለም።
4. ሊጡ ለብ ሲል ፕሪሚክሱን ጨምሩ። ትኩስ ላይ ከገባ ቪታሚን ሲ ይጠፋል።
5. በሥጋ መፍጫ አሳልፉት። ዓሦቹ 50 ግራም ካለፉ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይሆናል። የሚወጣውን ገመድ ቆራርጡ።
6. ጥላ ባለበት፣ አየር በሚያገኝ ቦታ አድርቁ። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ አትተዉት።

አሁን ፈትኑት። አምስት ስድስት ፍሬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉ። 10 ደቂቃ ሳይሞላው ከተበታተነ ገንዳ ውስጥም ይበታተናል፤ ውኃውን ያበላሻል። በሚቀጥለው የስንዴ ዱቄቱን ወደ 800 ግራም ከፍ አድርጉ (ፍሩሽኬሎውን ቀንሳችሁ)፣ ወይም የተቀረጸውን በእንፋሎት ለ10 ደቂቃ አብስሉት። የተበታተነውን ዙር አትጣሉት፤ ፍጩትና ከአዲሱ ጋር መልሱ።

በማዳበሪያ ሞልታችሁ ከመሬትም ከግድግዳም አርቃችሁ፣ እንጨት ላይ አስቀምጡ። ቀኑን ጻፉበት። በበጋ ከሁለት ወር፣ በክረምት ከሦስት ሳምንት በላይ አታቆዩ።

ደረጃ 8፦ ማላመድና መመገብ

በአንድ ቀን አትቀይሩ። ለሦስት ቀን ከድሮው ሦስት እጅ ከአዲሱ አንድ እጅ፤ ለሦስት ቀን እኩል፤ ለሦስት ቀን ከአዲሱ ሦስት እጅ፤ ከዚያ በሙሉ።

መጠኑን በግምት አትስጡ። 20 ዓሣ በመረብ አውጡ፣ መዝኑ፣ አማካዩን በጠቅላላ ቁጥሩ አባዙ። ለምሳሌ 200 ዓሣ አማካይ 80 ግራም ከሆነ 16 ኪሎ ዓሣ አላችሁ። ከዚያ ቴርሞሜትሩን እዩ፦

- ውኃው 25 እና ከዚያ በላይ፦ ከዓሣው ክብደት በቀን 3 በመቶ
- ከ20 እስከ 24፦ 1.5 በመቶ
- ከ18 እስከ 19፦ ግማሽ በመቶ፣ በቀን አንዴ
- ከ18 በታች፦ አትስጡ

በምሳሌያችን ውኃው 22 ዲግሪ ቢሆን በቀን 240 ግራም ነው፤ ግማሹን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ግማሹን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ መመገብ የከተማ ሰው ልማድ ነው፤ ያኔ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ኦክስጅኑም በሌሊት ወርዶ ገና አልተመለሰም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሲከብድ አንዴ ብቻ፣ 9 ሰዓት ላይ ስጡ። ሱሉልታ ያላችሁ በነዚህ ወራት ጭራሽ የማትመግቡባቸው ቀናት ይኖራሉ። ዓሣው በረሃብ አይሞትም፤ በበሰበሰ መኖ ግን ይሞታል።

ይህ መኖ ይሰምጣል፤ ስለዚህ በትሪ ስጡ። የሽቦ ወንፊት ክፈፍ ሠርታችሁ በአራት ገመድ ግማሽ ሜትር ያህል አውርዱት፣ መኖውን እላዩ ላይ አድርጉ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሳቡት። ከተረፈ በሚቀጥለው ሩቡን ቀንሱ። ሁለት ቀን በተከታታይ ባዶ ከሆነ አንድ አሥረኛ ጨምሩ፣ ከሰንጠረዡ ግን አትለፉ።

ችግር ሲገጥም

*ዓሣው ቀርቦ ይቀምስና ይተፋል።* ብዙ ጊዜ የብርቱካን ወይም የሎሚ ልጣጭ ገብቶ ነው። ያን ዙር ከድሮ መኖ ጋር አንድ ለሦስት እየቀላቀላችሁ ጨርሱት። ብርቱካንና ሎሚ ከሌለበት የመኖው ፍሬ ጠንክሮ ወይም ገዝፎ ሊሆን ይችላል፤ ሰባብሩት።

*ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አየር ይፈልጋሉ።* ኦክስጅን አልቋል። መኖ ወዲያው አቁሙ። ሲሶውን ውኃ ከሥር በኩል አውጡና ተኩት፤ አዲሱን ከከፍታ እያፈሰሳችሁ እንዲረጭ አድርጉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ክፍት በርሜል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን የቆየ ተጠባባቂ ውኃ ሁልጊዜ ይኑራችሁ። በርሜሉ ባዶ ከሆነ የገንዳውን ውኃ ራሱን በባልዲ እየቀዳችሁ ከላይ መልሳችሁ አፍሱት። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

*ውኃው ጠቁሯል፣ ላዩ አረፋ ይዟል።* ሥሩ ላይ የተከማቸ መኖ አለ። በቧንቧ ሳቡት። እጃችሁን እስከ ክርን ስታስገቡ መዳፋችሁ በጭላንጭል መታየት አለበት፤ መዳፉ ካልታየ ውኃ ቀይሩ። አረንጓዴነት በራሱ ለቆሮሶ ጥሩ ነው፤ ቡናማና የሚሸት ግን አይደለም።

*ሆዱ ይወፍራል፣ ርዝመቱ አይጨምርም።* ስኳር በዝቷል፣ ፕሮቲን አንሷል። ልጣጩን ወደ 8 በመቶ አውርዱ፣ የዓሣ ዱቄቱን ጥራት እንደገና ፈትኑ።

*ሆድ ተነፍቷል፣ ዓይን ወጣ ብሏል፣ ዓሣ በየቀኑ ይሞታል።* መኖውን በሙሉ አቁሙ። ከረጢቱን ክፈቱና አሽቱ። ሻጋታ ካለ ሁሉንም ቅበሩት፤ ለዶሮም ለላምም አትስጡት። የሞቱትን ቶሎ አውጡ። ሻጋታ ከሌለና ሞቱ ከቀጠለ ጉዳዩ የመኖ ላይሆን ይችላል፤ ሰበታ የሚገኘውን ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ሄዳችሁ አማክሩ። ያልሞተ ግን የታመመ ዓሣ ከነውኃው ይዛችሁ ሂዱ፤ የበሰበሰ ዓሣ ለምርመራ አይጠቅምም።

ክረምት ላይስ?

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ፀሐይ ላይ ማድረቅን እርሱት። ልጣጩን ማኮምጠጥ ይቻላል። የተከተፈውን ግማሽ ቀን አጠውልጉ። ለ3 ኪሎ ልጣጭ 1 ኪሎ ፍሩሽካ ቀላቅሉ፤ ሲጨበጥ ተያይዞ ውኃ የማያንጠባጥብ ይሁን። የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በየንብርብሩ አጥብቃችሁ ጠቅጥቁ፣ ላዩን በላስቲክ ሸፍኑ፣ አሸዋ የሞላ ፌስታል ጫኑበት፣ ክዳኑን ግጠሙ። ሞላሰስ ጨምሩ የሚሉ አሉ፤ ማንጎና ሙዝ ስኳራቸው በቂ ነው፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፈቱ። ደስ የሚል የመኮምጠጥ ሽታ ካለው ሆኗል። ፒኤች (የኮምጣጣነት መጠን) መለኪያ ወረቀት ካላችሁ ከ4.5 በታች ማሳየት አለበት። ጠላ ጠላ ከሸተተ አየር ገብቶ እርሾ አሸንፏል፤ የላዩን አንድ ጋት ጣሉና የሥሩን አሽቱ። የበገማ ቅቤ ወይም የበሰበሰ ነገር ከሸተተ ሙሉው ይጣላል።

ይህንን እርጥብ ድብልቅ በደረቅ መኖ ስሌት እንዳትመዝኑት፤ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ለ10 ኪሎው ቀመር 5 ኪሎ እርጥብ ኮምጣጣ አስገቡና የልጣጩን ዱቄትና ፍሩሽኬሎውን ጨርሶ አውጡ፤ ሙቁን ደግሞ በ2 ሊትር ፈንታ በ1 ሊትር ውኃ ሥሩ። ሊጡን ለዕለቱና ለነገ ብቻ አዘጋጁ። በርሜሉን በከፈታችሁ ቁጥር የምትፈልጉትን ያህል ቶሎ ቀንሳችሁ መልሳችሁ ጠቅጥቁና ግጠሙ።

በስድስተኛው ሳምንት፦ አዋጣ ወይስ አላዋጣም?

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰጣችሁትን መኖ በደብተር ጻፉ። በስድስተኛው ሳምንት 20 ዓሣ እንደገና መዝኑ። 16 ኪሎ የነበረው 22 ሆኖ 11.4 ኪሎ መኖ ወጥቶበት ከሆነ 11.4 ለ6 ሲካፈል 1.9 ነው፤ ለአንድ ኪሎ ዓሣ 1.9 ኪሎ መኖ ማለት ነው። ለዚህ አየር ንብረት ጥሩ ነው። ከ2 በታች ከሆነ ልጣጩን ወደ 15 በመቶ ከፍ አድርጋችሁ ሌላ ስድስት ሳምንት ሞክሩ። ከ2.5 በላይ ከሆነ ልጣጩን ከመውቀሳችሁ በፊት ትሪው ላይ የሚተርፈውንና የውኃውን ሙቀት እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ወደ 8 በመቶ ውረዱ። ሁለት ገንዳ ያላችሁ አንዱን ያለ ልጣጭ መግቡት፤ ያኔ የምታወዳድሩት ነገር ይኖራችኋል።